ሁለገቡ ስፖርተኛ

በሲቀላና በሴቻ ሜዳዎች ከመዘምራን ልምምድ በኋላ ኳስ የምታንከባልሉ ወጣቶች፣ ይድነቃቸው ተሰማን ታውቋቸዋላችሁ? ጅማ ተወልደው ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለብሔራዊ ቡድናችን ተጫወቱ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ ቡድኑን የመሩት እርሳቸው ነበሩ። (ሌላ ዋንጫ እስከ ዛሬ አልጨመርንም!)

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ሥራቸው ነው። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። መሥራች አገሮቹ አራት ብቻ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስትል ግን ከመጀመሪያው ውድድር ቀረች፤ የተጫወቱት ሦስት ሆኑ። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩም፣ በ1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ፣ ያ በር ለዘረኝነት አልተከፈተም።