ድምፅ በማይሰማበት ውሃ፤ የጠላቂዎች ምልክት ታሪክና የባሮ ወንዝ

ጋምቤላን በካርታ ላይ ብቻ የሚያውቃት ሰው የወደብ ከተማ እንደነበረች ላይገምት ይችላል። ሆኖም ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ወንዝ ዳር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን አስተዳደር የንግድ ጣቢያ ይሆን ዘንድ በኪራይ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ጣቢያው የተቆረቆረው ከኢታንግ ሽቅብ፣ በጋምቤላ ነው። ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ነጭ ዓባይን፣ ቀጥሎም ሶባትን ተከትለው እስከዚህች ከተማ ይወጡ፣ ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ይህም ሁኔታ ሱዳን ነጻነቷን እስካገኘችበት እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ቆየ።

ይሁን እንጂ ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ነው። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ወንዙን ሲሞላው መንገዱ ይከፈታል፤ በበጋ ግን ውሃው ጎድሎ አሸዋው ብቅ ይላል። በወቅቱ ያልተመለሰ መርከብ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ግድ ይሆንበት ነበር። አኙዋኮች ኦፔኖ ብለው የሚጠሩት ይህ ወንዝ ለያዝነው ርእስ የሚያበረክተው ቁም ነገር ከዚሁ ጠባዩ ይመነጫል። ይኸውም፣ ወንዙ ጠላቂን ሊያስገባ በሚችል መጠን ሲጠልቅ ደፍርሶ ዓይንን ያሳውራል፤ ዓይን ሊያይበት በሚችል መጠን ሲጠራ ደግሞ በአንዳንድ ስፍራ በእግር የሚሻገሩት ይሆናል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ከላይ ካሉት ጋር በምን ይነጋገራል? ጥያቄው ዛሬ ለማንም ቢቀርብለት «በእጅ ምልክት» ብሎ መመለሱ አይቀርም። ታሪኩ ወደ ኋላ ሲመረመር ግን የእጅ ምልክት ታናሽ ሆኖ ይገኛል፤ ታላቁ ገመድ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ፣ የብረት ቁር ደፍቶ፣ ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሶ፣ ከላይ በፓምፕ የሚላክለትን አየር እየተነፈሰ ወደ ባሕር ወለል የሚወርድ ሠራተኛ ብቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1839 የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ የነበረው ኮሎኔል ቻርልስ ፓስሊ በ1782 የሰጠመችውን «ሮያል ጆርጅ» የተባለች የጦር መርከብ ፍርስራሽ ከስፒትሄድ ለማንሣት ሲነሣ ያሰማራው እንዲህ ያሉትን ጠላቂዎች ነበር። ይህ ሰው ከቁሩ ውስጥ ቢጮኽ የሚሰማው የለም፤ እጁን ቢያወዛውዝም ከጀልባው ላይ የሚያየው የለም። ሕይወቱ የተንጠለጠለው በሰውነቱ ላይ በታሰረው ገመድና ያንን ገመድ በጣቶቹ ይዞ ከላይ በቆመው ባልንጀራው ላይ ነው።

ከጊዜ በኋላ የገመዱ አነጋገር በደንብ ተጻፈ። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ደንብ ገመድ ያዡ አንድ ጊዜ ሲስብ «ደኅና ነህን?» ማለቱ ነው፤ ጠላቂው አንድ ጊዜ መልሶ ሲስብ «ደኅና ነኝ» ይላል። ጠላቂው ሁለት ጊዜ ቢስብ «ገመድ ልቀቅልኝ»፣ ሦስት ጊዜ ቢስብ «የላላውን ሰብስብ»፣ አራት ጊዜ ቢስብ «ጎትተህ አውጣኝ» ማለት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የጭንቅ ቃላት አሉ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ተደርጎ ሲሳብ «ተጠላልፌአለሁ፤ ሌላ ጠላቂ ይድረስልኝ» ይሆናል። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ሲሆን ግን «ተጠላልፌአለሁ፤ ራሴን አስለቅቃለሁ» ነው። እርዳታ በሚለምነውና እርዳታ በማይሻው ሰው መካከል ያለው ልዩነት በየምዕራፉ የአንዲት ስበት ብልጫ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ለአንድ አፍታ ፊቱን አዙሮ ጨዋታ የጀመረ ገመድ ያዥ ወገኑን ሊገድል ይችላል። በሙያው ታሪክ ስሙ የሚነሣው ጠላቂው ብቻ መሆኑ ፍርደ ገምድል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለአገራችን ታሪክ ቅርብ የሆነው የዚህ ሙያ ታላቅ ሥራ የተካሄደው በምጽዋ ነው። ኢጣሊያኖች በ1941 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ከማጣታቸው በፊት ብዙ መርከቦችንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎችን በወደቡ ውስጥ ሆን ብለው አሰጠሙ። በሚቀጥለው ዓመት የመጣው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ከጥቂት ጠላቂዎች ጋር ሆኖ የሰጠሙትን መጠገኛዎች አየር እየሞላ አንሳፈፋቸው። በዚያን ዘመን ከባዱን ልብስ የሚለብስ ጠላቂ የስልክ ሽቦ ሊኖረው ይችል ነበር፤ ይሁንና ስልክ እንደሚበላሽ የታወቀ ነውና የገመዱ ደንብ አልተሻረም።

የእጅ ምልክት ቦታውን ያገኘው ገመዱ ሲቆረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን፣ በጀርባ ከሚታዘል ጋን የታመቀ አየር በልክ ወደ አፍ የሚያቀብል መሣሪያ ሠሩ። ጠላቂው ከጀልባው ተፈታ፤ ነገር ግን አፉን የመተንፈሻው ጉርሻ ዘጋው። ጆሮውም ብዙ አይረዳውም፤ ድምፅ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1500 ሜትር ያህል፣ ማለትም በአየር ከሚጓዝበት ከአራት እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ስለሚሄድ፣ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ መለየት ያዳግታል። የቀረው ዓይንና እጅ ነው። ደግነቱ አዲሱ መሣሪያ በሰፊው የተሞከረባቸው ሜዲትራንያንና ቀይ ባሕር ውሃቸው የጠራ ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት በ1952 እ.ኤ.አ. በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የኢጣሊያ ጓድ ወደ ዳህላክ ደሴቶች ሄዶ እስከ 1953 ድረስ የባሕሩን ውስጥ መረመረ፤ ፎልኮ ኩሊቺ ያነሣው ፊልምም ያንን ጥራት ለዓለም አሳየ።

የእጅ ምልክቱ ጥቂት ቃላት አሉት። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው ቀለበት ሲሠሩ «ደኅና ነኝ» ነው። መዳፍን ዘርግቶ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ «ችግር አለ»፣ ጡጫን ደረት ላይ ማድረግ «አየሬ እያነሰ ነው»፣ እጅን በጉሮሮ ላይ እንደ ቢላ ማሳለፍ «አየር አለቀብኝ» ማለት ነው። ጀማሪን የሚያሳስተው አውራ ጣት ነው። በየብስ ላይ አውራ ጣቱን ያቆመ ሰው «ጎበዝ! መልካም ነው» ማለቱ ሲሆን፣ በውሃ ውስጥ ግን «ወደ ላይ እንውጣ» ብሎ ማዘዙ ነው። ስለዚህም ምልክት ያየ ጠላቂ መልሶ ያንኑ በማሳየት መረዳቱን እንዲያረጋግጥ ይፈለጋል። የመዝናኛ ጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅቶች የጋራ ምክር ቤት የምልክቶቹን ዝርዝር ወጥ አድርጎ ያወጣው ገና በ2005 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህንን ዝርዝር «የምልክት ቋንቋ» ብሎ መጥራት የተለመደ ቢሆንም፣ አነጋገሩ እርማት ያሻዋል። የጠላቂዎቹ ምልክት የትእዛዝና የማስጠንቀቂያ መዝገብ ነው፤ «ትናንት» ወይም «ለምን» ማለት አይችልም። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቋንቋ ግን የራሱ ሰዋስው ያለው ምሉእ ቋንቋ ነው። በአገራችን በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለእነርሱ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የዲግሪ ትምህርት ጀምሯል። የአማርኛው የጣት ፊደልም እንደ ገበታው ነው፤ የእጁ ቅርፅ ፊደሉን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለውን እርከን ያመለክታል። ይህን ቋንቋ የሚያውቁ ሁለት ጠላቂዎች ከባሕር በታች እንደ ልባቸው ሲወያዩ፣ አጠገባቸው ያለው ሰሚ ጠላቂ ሐሳቡን ለመግለጽ ወደ ላይ እስኪወጣ ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ግን ብርሃን ባለበት ነው። በክረምት ባሮ ውስጥ የጣት ቀለበት ከገዛ መነጽር ፊት ቢያቀርቡትም አይለይም፤ ከቀይ ባሕር የመጣው አነጋገር እዚህ ዲዳ ነው። ታንኳ ተገልብጦ ሰው ሲሰጥም፣ አዞና ብርቱ ሞገድ ባለበት በዚህ ወንዝ ሊፈልገው የሚገባ ጠላቂ ያለው መነጋገሪያ የ19ኛው መቶ ዓመት ገመድ ነው። ገመዱንም ቢሆን ወንዙ ራሱ ይስበዋል፤ ስለዚህ ያዡ እንዳይላላ ወጥሮ መያዝ፣ ሳቢውም ስበቱን አጥብቆና ለይቶ መሳብ አለበት፤ የስበቱም ትርጉም ሁሉም ገና በደረቅ መሬት ላይ ሳሉ መወሰን አለበት። በጋምቤላ ዳርቻ በአንድ ገመድ ዙሪያ የሚሰበሰቡት ሰዎች አንዱ አኙዋክኛ፣ አንዱ ኑዌርኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ሊናገሩ ይችላሉ። ስበቱን ግን ሁሉም በእጃቸው ይቈጥሩታል፤ አራት ከሆነ ይጎትታሉ።