የመከላከያ ጭምብል ስፖንጅ፦ ምቾትና ደህንነት የማይነጣጠሉበት

አቧራ፣ ጭስ፣ የኬሚካል ብናኝ ወይም ተላላፊ በሽታ ባለበት ሥራ ላይ የሚሰማሩ ሰዎች የሚያጠልቁት የመተንፈሻ መከላከያ ጭምብል ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በማጣሪያው ብቃት ነው። ይሁን እንጂ ማጣሪያው የቱንም ያህል የላቀ ቢሆን፣ በጭምብሉ ጠርዝና በፊት ቆዳ መካከል ክፍተት ካለ አየሩ ሳይጣራ በዚያው በኩል ይገባል። በበርካታ የጭምብል ዓይነቶች ይህን ክፍተት የሚዘጋው በአፍንጫ አጥንት ላይ ወይም በጠርዙ ዙሪያ የሚለጠፈው ስፖንጅ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት፣ ኤን95 የሚል ስያሜ የሚሰጠው ጭምብል 0.3 ማይክሮን ያህል መጠን ካላቸው ብናኞች ቢያንስ 95 በመቶውን ማስቀረት ይኖርበታል። ይህ ግን የማጣሪያው መለኪያ ብቻ ነው። የዚያው አገር የሥራ ደህንነት ደንብ፣ ጭምብሉ ለሠራተኛው ፊት ልክ መሆኑ አስቀድሞ እንዲፈተሽ ያዛል። ፍተሻው በመሣሪያ ሲከናወን፣ ከጭምብሉ ውጭ ያለው የብናኝ ክምችት በውስጡ ካለው ቢያንስ 100 እጥፍ ሆኖ መገኘት አለበት።

ምቾትም ከደህንነት ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። የሚጫን ወይም የሚያሳክክ ጭምብል በሠራተኛው እጅ ይላላል፤ አልፎም ይወልቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በተስፋፋበት ወቅት፣ ጭምብል ለረጅም ሰዓት ያጠለቁ የጤና ባለሙያዎች በአፍንጫቸውና በጉንጫቸው ላይ ቁስል ሲወጣባቸው ታይቷል።

ለዚህ አገልግሎት ከሚውሉት ቁሶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየር የተፈለሰፈው ፖሊዩሬቴን ነው። የስፖንጁ ቀዳዳዎች እርስ በርስ የተያያዙ ከሆኑ ቁሱ ልስላሴ ቢኖረውም አየር ያሳልፋል፤ ላብም ይመጣል። ቀዳዳዎቹ ዝግ ሲሆኑ አየርና እርጥበትን ይከላከላል፤ ነገር ግን ቆዳን ሊጫን ይችላል። የአምራቾች ተግባር እነዚህን ሁለት ፍላጎቶች ማስታረቅ ነው።

ሌላው አሳሳቢ ጉዳይ የቁሱ ኬሚካዊ ይዘት ነው። ፖሊዩሬቴን የሚሠራበት አይሶሳይኔት የተባለ ኬሚካል ለአስም መንስኤ እንደሚሆን ስለሚታወቅ፣ በተጠናቀቀው ምርት ውስጥ ቅሪቱ እንዳይገኝ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በተጨማሪም ፖሊኤስተርን መሠረት ያደረገው ፖሊዩሬቴን በሙቀትና በእርጥበት የመፈራረስ ባሕርይ ሲኖረው፣ ፖሊኤተርን መሠረት ያደረገው እርጥበትን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል።

የዚህ ልዩነት ክብደት በግልጽ የታየው በመከላከያ ጭምብል ሳይሆን በሕክምና መተንፈሻ መሣሪያዎች ላይ ነው። ፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን ከአገልግሎት እንዲመለሱ አድርጓል። ምክንያቱም ድምፅ ለመቀነስ የገባው ፖሊኤስተር ፖሊዩሬቴን ስፖንጅ እየተፈረፈረ ከሕሙማኑ ትንፋሽ ጋር የመግባት ስጋት ስለነበረው ነው። በምትኩ የሲሊኮን ስፖንጅ ከተገጠመላቸው መሣሪያዎች መካከል በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ፣ ስፖንጁ ከተለጠፈበት ፕላስቲክ ተላቆ የአየር መግቢያውን ሊዘጋ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2022 ተገልጿል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ቁሱን መለወጥ ብቻውን በቂ እንዳልሆነና ማጣበቂያውም ጭምር መፈተሽ እንዳለበት ነው።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኞች የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙም መመሪያ እንዲሰጥ ይደነግጋል። በመሆኑም የግዥ ዝርዝር የሚያዘጋጁ ክፍሎች የማጣሪያውን ደረጃ ከመጥቀስ ባሻገር፣ የስፖንጁን ዓይነት፣ ቆዳን የማያስቆጣ መሆኑን የሚያረጋግጥ የፍተሻ ውጤትና የአገልግሎት ዘመኑን ቢጠይቁ ተገቢ ይሆናል። የተለያየ የፊት ቅርጽ ያላቸው ሠራተኞች ስለሚኖሩም ከአንድ በላይ መጠን ማቅረብ ያስፈልጋል።

የንብረት ክፍሎችም የድርሻቸውን ይወጣሉ። ለረጅም ጊዜ ተጨፍልቆ የተከማቸ ስፖንጅ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ላይመለስ ስለሚችል፣ ጭምብሎች በማሸጊያቸው እንዳሉ፣ ከፀሐይና ከሙቀት ርቀው፣ ከባድ ዕቃ ሳይጫንባቸው መቀመጥ አለባቸው። ስፖንጁ የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም የተላቀቀ ጭምብል፣ ማጣሪያው አዲስ ቢመስል እንኳ ለሠራተኛ ሊታደል አይገባም።