የብረት ድስት በሲኮች ዘንድ፤ ስለ ሰርብሎህ ሥርዓት አጭር ሐተታ

በፑንጃብ ከሚኖሩት ሲኮች መካከል ከብረት ዕቃ በቀር በሌላ ዕቃ የበሰለውን የማይበሉ፥ ውሃም ቢሆን ከብረት ጽዋ በቀር የማይጠጡ ሰዎች አሉ። ሥርዓቱን ሰርብሎህ ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ሁለንተናው ብረት» ማለት ነው። ጠባቂዎቹ በተለይ ኒሃንግ የሚባሉት ሰማያዊ ለባሽ ጦረኞችና ቢቤኪ የሚባሉት ጥብቅ ምእመናን ናቸው። ስለ ሲኮች የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስለ ጥምጥማቸውና ስለ ሰይፋቸው ተናግረው ወጥ ቤታቸውን ሳያዩ ያልፋሉ። ለእኛ ግን ከታሪካቸው ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ያለው በዚያ በወጥ ቤት ይመስለናል፤ ይኸውም የዘርን ልዩነት ለመሻር የተነሣ ሃይማኖት በዕቃ ንጽሕና ምክንያት ሰውን ከሰው እንደገና ይለያል ወይስ አይለይም የሚለው ነው። (በዚህ ጽሕፈት ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ የአገሩን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በሕንዶች የቆየ ሥርዓት ምግብ የሚረክሰው በነካው ሰው ትውልድ ነበር። የሸክላ ዕቃ ዝቅ ካለ ወገን በተወለደ ሰው እጅ ከተነካ ይሰበራል፤ የናስና የመዳብ ዕቃ ግን በአመድ ታሽቶ ሊነጻ ይችላል። ለአምልኮ የሚመረጡትም መዳብ፥ ናስና ብር ነበሩ። ብረት ከእነዚህ ጋራ አይቈጠርም ነበር፤ ኮከብ ቈጣሪዎች ክፉ ዕድል ያመጣል ከሚሉት ከሳተርን ጋራ ያገናኙታል፥ ሠሪው ቀጥቃጭም ከከበሩት ወገን አልነበረም።

የሲኮች የመጀመሪያ መምህር ጉሩ ናናክ (1469–1539) ይህን የትውልድ ክብር ነቀፈ። ከእርሱ የተወረሰው ላንጋር የሚባለው የጋራ ማዕድ ሁሉም በአንድ ረድፍ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚበላበት ነው። በዚህ ማዕድ ድስቱ ከምን እንደተሠራ የጠየቀ ሰው እንደነበር የሚያሳይ ነገር አላገኘንም፤ ጥያቄው ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል የሚል ብቻ ነበር።

ብረቱ የገባው በ1699 ነው። በዚያ ዓመት ዐሥረኛው መምህር ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ (1666–1708) በአናንድፑር ካልሳ የተባለውን ማኅበር ሲያቆም፥ ውሃና ስኳር በብረት ሳሕን አድርጎ ሁለት አፍ ባለው ሰይፍ አማስሎ፥ ከልዩ ልዩ ወገን ለተወለዱ አምስት ሰዎች ከዚያው ከአንዱ ሳሕን አጠጣቸው። ከትውልድ ሥርዓት አንጻር ይህ የርኵሰት ሁሉ ርኵሰት ነው፤ በካልሳ ግን የመንጻት መጀመሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብረት በእጃቸው አንባር፥ በወገባቸው ሰይፍ ሆነ፤ በዐሥረኛው መምህር ስም በተሰበሰቡት ጽሑፎችም «ሰርብሎህ» ከእግዚአብሔር ስሞች አንዱ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ የተናቀው ማዕድን እንዲሁ በአጋጣሚ አልከበረም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ድስትና ሰይፍም አብረው ይሄዳሉ። ከ1710 ወዲህ የባንዳ ሲንግ ማኅተም፥ ኋላም የሲኮች ገንዘብ፥ ዴግ፥ ቴግ፥ ፈተህ የሚሉትን ቃላት ይዘው ነበር፤ ድስት፥ ሰይፍ፥ ድል ማለት ነው።

በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ሲኮች ከሞጉልና ከአፍጋን ጦር እየሸሹ በጫካና በበረሃ ኖሩ፤ በ1746 እና በ1762 የደረሰባቸውን እልቂት ዛሬም «ትንሹ» እና «ትልቁ» ብለው ይጠሩታል። በፈረስ የሚዘዋወር ሰው ሸክላ ተሸክሞ አይዘልቅም። የናስና የመዳብ ድስትም በየጊዜው ውስጡን በቆርቆሮ የሚለብጥ ባለሙያ ይሻል፤ ያለዚያ ኮምጣጣ ምግብ ያበላሸዋል። ብረት ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ ቢወድቅም አይሰበርም። ስለዚህ ሥርዓቱ ከሃይማኖት ብቻ ሳይሆን ከሰፈርም የተወለደ ነው። የኒሃንጎች አነጋገር የዚያን ዘመን ረኃብ ይዞ ቀርቷል፤ የተቆላ ሽምብራ «ለውዝ» ይባላል፥ ምግብ ሲያልቅም ወጥ ቤቱ «ሰክሯል» ይላሉ እንጂ ባዶ ነው አይሉም።

አያያዙ ብዙ ድካም አለበት። ብረት እርጥበትን አይወድም፤ አንድ ሌሊት ውሃ ከተኛበት ይዝጋል። ስለዚህ እንደ ተበላ ወዲያው በአመድና በአሸዋ ይታሻል፤ አመዱ ስቡን ይቈርጣል፥ አሸዋው ዝገቱንና ቅርፊቱን ይፍቃል። ከዚያም በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በእሳት ይደርቃል፤ ጥቂት ቅባትም ይቀባል። እርጎና ኮምጣጣ ነገር በብረት ሲቆይ ይጠቁራል፥ ጣዕሙም ይለወጣል፤ ስለዚህ ምግብ እያደረ አይበላም፥ ለየዕለቱ ይበስላል። በዚህ ቦታ ሥርዓቱ ከኬሚስትሪ ጋራ ስለሚስማማ ማዕድኑ ራሱ ሰውን ትጋት አስተማረው ለማለት ይቻላል። ብረቱ በጥቂቱ ወደ ምግቡ መግባቱም ጥቅም አለው። በአገራችን በኢትዮጵያ ተደርጎ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ1999 የታተመ ጥናት፥ በብረት ድስት የበሰለ የበሉ ሕፃናት በአሉሚኒየም ድስት የበሰለ ከበሉት ይልቅ የደም ማነስ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። ሆኖም ቢቤኪዎች ብረትን የሚመርጡት ስለ ጤና አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚተረጉምላቸው ሰው ያሳንሳቸዋል።

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለቢቤኪ ዕቃው ብረት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አብሳዩም በካልሳ ሥርዓት የተጠመቀና ሕጉን የሚጠብቅ መሆን አለበት። ለዚህ ከሁሉ የሚጠቀሰው ባይ ራንዲር ሲንግ (1878–1961) ነው። ይህ ሰው በ1915 እንግሊዞችን ለመጣል በተደረገው አድማ ተይዞ እስከ 1930 ታሰረ። በወኅኒም ሳለ በሰርብሎህ ያልበሰለ አልበላም ብሎ ጾመ። የወኅኒ ሹም የእስረኛን ልብስና ሥራ፥ እንቅልፉንም ሳይቀር ያዝዛል፤ እስረኛው የቀረው አፉ ብቻ ነው። በዚያ ስፍራ ድስቱ ነጻነት ነበር። በሰላም ጊዜና በወንድማማች መካከል ሲሆን ግን ያው ድስት ሌላ መልክ ያገኛል፤ በአንዳንድ ጉባኤ ለቢቤኪዎች የብረቱ ማዕድ ለብቻው ይሰናዳል፥ ሌላው ሕዝብ በሌላ ወገን ይበላል።

ቢቤኪዎች ለዚህ መልስ አላቸው። የእኛ አጥር ትውልድ አይደለም፥ ቃል ኪዳን ነው፤ ማንም ሰው ከማንም ቢወለድ ተጠምቆ ሊገባበት ይችላል ይላሉ። መልሱ ቀላል አይደለም፥ እኛም እውነትነቱን እንቀበላለን። ነገር ግን በጉሩ ናናክ ማዕድ የሚቀመጠው መንገደኛ ቃል ኪዳን እንዲገባ አይጠየቅም ነበር፤ ተርቦ መምጣቱ ይበቃው ነበር።

በ1945 በሲኮች ሸንጎ የጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ በዚህ ነገር መካከለኛውን መንገድ ይዟል። ጥምቀቱ በብረት ሳሕን እንዲሆን ያዝዛል፤ የተጠመቀ ሰው ካልተጠመቀ ሰው የተረፈውን ትራፊ እንዳይበላም ይከለክላል። ለዕለት ምግብ ግን የብረት ድስት ግዴታ ነው አይልም። ስለዚህ ዛሬ አብዛኞቹ ሲኮች በማይዝግ ብረት ሳሕን ይበላሉ፤ ያንን ደግሞ ከሰርብሎህ ጠባቂዎች አንዳንዶቹ እንደ ብረት አይቈጥሩትም።