ሰሙ ስፖርት፣ ወርቁ ሲጋራ፦ ስለ ስውር ማስታወቂያ ታሪክ

የቅኔ መምህራኖቻችን አንዱን ቃል ሁለት ፍች ማሸከምን እንደ ጥበብ አስተምረውናል። ይህ ጥበብ በነጋዴ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት፣ ብዙዎቻችን በስደት የምንኖርባትን የአሜሪካን የሲጋራ ማስታወቂያ ታሪክ መመርመር ይበቃል ብለን እናምናለን።

እንደሚታወቀው፣ የመንግሥቱ ዋና የጤና ሹም ሉተር ቴሪ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ፣ ሲጋራ በወንዶች ላይ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ አስታወቁ። በኤፕሪል 1970 ፕሬዚደንት ኒክሰን የሲጋራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የሚያስወግደውን ሕግ ፈረሙ፤ ሕጉም ከጃንዋሪ 2 ቀን 1971 ጀምሮ ጸና። ከ1967 አንሥቶ ግን ጣቢያዎቹ ሲጋራን ለሚያወግዙ መልእክቶችም ጊዜ እንዲሰጡ ይገደዱ ነበር። ማስታወቂያው ሲቀር ይህም ግዴታ ቀረ። ሕጉ ተናጋሪውን ዝም ሲያሰኝ መላሹንም አብሮ ዝም አሰኘ።

ስሙ ግን ዝም አላለም። ሕጉ ከተፈረመ በኋላ፣ ገና ከመጽናቱ በፊት፣ በሴፕቴምበር 1970 ከወንዶች እጅግ ያነሰ ሽልማት ይሰጣቸው የነበሩ ዘጠኝ የቴኒስ ተጫዋች ሴቶች በሂውስተን የራሳቸውን ውድድር ጀመሩ። ውድድሩ የተሰየመው ፊሊፕ ሞሪስ ለሴቶች ባቀረበው ሲጋራ፣ በ«ቨርጂኒያ ስሊምስ» ነበር። በ1971ም የናስካር የመኪና እሽቅድምድም ዋንጫ የ«ዊንስተን» ሲጋራን ስም ያዘ። ውድድሩን የሚዘግብ ጋዜጠኛ ሁሉ የተከለከለውን ስም መጥራት ግድ ሆነበት።

እዚህ ላይ ፍርድ ማጓደል አንሻም። የሴቶቹ አቤቱታ እውነተኛ፣ ጥያቄያቸውም ትክክለኛ ነበር። የብልሃቱ ርቀትም ከዚሁ ላይ ነው፤ ሰሙ እውነተኛ ሰም ካልሆነ ወርቁን ሊሸፍን አይችልምና። በ1998 ኩባንያዎቹ ከ46 ክፍላተ ሀገር ጋር ባደረጉት ስምምነት እንዲህ ያለው ስያሜ ተገደበ። የዊንስተን ስም ከዋንጫው የወረደው ግን በ2003 ማብቂያ ነው።

የአገራችን ነገር ደግሞ ከዚህ ይረቅቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ማናቸውንም የትምባሆ ማስታወቂያ፣ እንዲሁም የአልኮል መጠጥን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከለከለ። ይሁንና በአዲስ አበባ «ጊዮርጊስ» የሚለው ስም አስቀድሞ የሰማዕቱ፣ ቀጥሎ የቢራው፣ በኋላም በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የእግር ኳስ ክለብ ነው። ስሙ ሕጉን በብዙ ዘመን ይቀድማልና ተንኮል አለበት አንልም። ነገር ግን «ጊዮርጊስ አገባ!» ሲባል የሚሰማው ልጅ የትኛውን ጊዮርጊስ እንደሚያስብ የትኛውም አዋጅ ሊወስን አይችልም።

ስለዚህ ሕግ አርቃቂ «ምን ተባለ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ስሙ ለምን ተጠራ? ማንስ ከፈለ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል እንላለን። አባቶቻችን «ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» ያሉት መልካም ሥራን ሲያወድሱ ነበር። በዚህ ታሪክ ግን ከመቃብር በታች የዋለው አጫሹ ሲሆን፣ ከመቃብር በላይ የዋለው የሲጋራው ስም ነው።