«ሲ» ከየት መጣ? ቁጥሩ የተቀየረ ቤት አይፈርስም

የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ከ«ኤ» ሳይሆን ከ«ሲ» የሚጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዲስክን በፊደል መጥራትን በ1970ዎቹ የጋሪ ኪልዳል ሲፒ/ኤም አስለመደ፤ ዶስም ወረሰው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ «ኤ»ን እና «ቢ»ን ለፍሎፒ ያዘ። በ1983 ሃርድ ዲስክ ይዞ የመጣው ኤክስቲ ቀጣዩን «ሲ» ወሰደ።

ጣጣው የመጣው ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ሲጨመር ነው። ዶስ ፊደል የሚያድለው በቅድሚያ ለየዲስኩ ዋና ክፍል ነበር። ነባሩ ዲስክ «ሲ» እና «ዲ» ተብሎ ከተከፈለ፣ እንግዳው «ዲ»ን ይነጥቃል፤ የቀድሞው «ዲ» ወደ «ኢ» ይገፋል። ፋይሉን «ዲ» ላይ የለመደ ፕሮግራም የሰው ቤት ያንኳኳል።

የኋለኞቹ ዊንዶውሶች የሰጡትን ፊደል መዝግበው ያስታውሳሉ። ጣጣው ግን ጨርሶ አልቀረም። እምድብር ያለ ፎቶ ቤት የአሮጌ ኮምፒውተሩን ዲስክ አዲሱ ላይ ቢሰካ፣ ፊደሉ ሊለወጥ ወይም ጭራሽ ላይሰጠው ይችላል። «ጠፋ» ብሎ ፎርማት ማድረግ የስንት ዓመት የመስቀልና የሠርግ ፎቶ መደምሰስ ነው።

ቀበሌ የቤት ቁጥር ስለቀየረ ቤት አይፈርስም። መጀመሪያ ዲስክ ማኔጅመንት ተከፍቶ ፊደሉ ይታይ፤ ከሌለው ይሰጠው። «ሲ» ግን አይነካ።