ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ (አባ ነፍሶ)፦ ታሪካቸውና ስለ እርሳቸው የሚነገረው

ከገርጂም ሆነ ከሌላ የአዲስ አበባ አካባቢ ለሕክምና ወደ ልደታ የሚሄድ ነዋሪ «ባልቻ» ሲባል በቅድሚያ የሚያስበው ሆስፒታሉን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቪየት ኅብረት ቀይ መስቀል የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል የተሰየመው ከዓድዋ ጀግኖች አንዱ በሆኑት በደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ አርበኛው መረጃ ለሚፈልጉ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ሲሆን፣ በታሪክ የታወቀውንና በአፈ ታሪክ የሚተረከውን ለይቶ ያቀርባል።

ደጃዝማች ባልቻ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ከሚገኘው ከሶዶ አካባቢ የተገኙ ናቸው። የትውልድ ሐረጋቸውን ከጉራጌም ከኦሮሞም የሚያያይዙ አሉ። በልጅነታቸው በጦር ሜዳ ተሰልበው ከተገኙ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አድገዋል። በዚያ ዘመን ከምርኮ ተነሥቶ ለከፍተኛ ሹመት የበቃ እርሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ በኋላ የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም ወደ ምኒልክ ቤት የገቡት በዚሁ መንገድ ነው። «አባ ነፍሶ» የፈረስ ስማቸው ነው። ምኒልክ «አባ ዳኘው» እንደሚባሉት ሁሉ፣ የጦር ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት በበጅሮንድነት ማዕረግ ከመድፈኞቹ ጋር ተሰልፈው ተዋግተዋል። እስከ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው የሕዝብ ግጥም ፊታውራሪ ገበየሁ ሲወድቁ የእርሳቸውን ቦታ ተክተው መድፉን የተኮሱት ባልቻ እንደሆኑ ያወሳል። ግጥሙ የሁለቱን ስም በአንድነት በማንሣቱ ብዙዎች ገበየሁንም የመድፍ አለቃ አድርገው ይወስዳሉ። ሆኖም ፊታውራሪ ገበየሁ አስቀድሞ በአምባላጌ ውጊያ በግንባር የተሰለፉ የጦር አዝማች ነበሩ።

ከድሉ በኋላ ባልቻ የደጃዝማችነት ማዕረግ አግኝተው ሲዳሞንና ሐረርን በተለያየ ጊዜ አስተዳደሩ። ከእርሳቸው በኋላ ሐረር የተሰጠው ለወጣቱ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ነበር። ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነው ሥልጣንን ወደ ማዕከል መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ ለንግሥት ዘውዲቱ ታማኝ የነበሩት ባልቻ ትእዛዛቸውን በቀላሉ የሚቀበሉ አልሆኑም። በ1920 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጠሩም በሺዎች የሚቆጠር ጦር አስከትለው መጡና ያን ጊዜ ከከተማው ውጭ በነበረው በነፋስ ስልክ ሰፈሩ። ተፈሪ ግን ጦር አልላኩባቸውም፤ ግብር ጠሯቸው። ባልቻ ጥቂት አጃቢ ይዘው በቤተ መንግሥት ሲስተናገዱ፣ ራስ ካሣ ወደ ሰፈሩ ወርደው ወታደሩን በገንዘብ በተኑት። ደጃዝማቹ ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ ሰፈር ነበር። በዓድዋ በመድፍ ስማቸው የገነነው ሰው አንድ ጥይት ሳይተኮስ ተሸነፉ። ለጥቂት ጊዜ ከታሰሩ በኋላ ወደ ገዳም እንዲገቡ ተፈቀደላቸው፤ ተፈሪም መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ይህ ምዕራፍ በጀግንነት ትረካዎች ውስጥ አዘውትሮ የሚዘለል ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ያለ እርሱ መረዳት ያስቸግራል።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ባልቻ በዕድሜ ገፍተው ነበር። ሥልጣናቸውን የወሰዱባቸው ንጉሠ ነገሥት ተሰደዋል፤ እርሳቸውም ቂም ይዘው ቢቀመጡ ምክንያት አያጡም ነበር። ይሁን እንጂ ከገዳም ወጥተው ዳግመኛ መሣሪያ አነሡ። በ1929 ዓ.ም. ከጠላት ጋር ሲዋጉ ወደቁ። አፈ ታሪኩ የመጨረሻ ሰዓታቸውን ሲተርክ፣ ባልቻ እጅ እሰጣለሁ ብለው ለጣሊያኖች መልእክት እንደላኩ፣ መኰንኖቹ ሲቀርቡም ተኩስ ከፍተው ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር እንደሞቱ ይናገራል። ትረካው ዝርዝሩ ከተራኪ ተራኪ ይለያያል። ከወራሪው ጋር ሳይታረቁ መሞታቸው ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

ስለ ዓድዋ ጦርነትና ስለ ጀግኖቹ በተጨማሪ ማወቅ የሚፈልጉ ተገልጋዮች በፒያሳ የሚገኘውንና የካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ መጎብኘት ይችላሉ። በደጃዝማቹ ስም የተሰየመው ሆስፒታልም ዛሬም ሕሙማንን እያስተናገደ ይገኛል።