የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት አመራረጥ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ሲሆን፣ የሚመረጠው በቀጥታ በሕዝብ ሳይሆን በሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ነው። ሥርዓቱ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 ተደንግጓል።

መራጮቹ እንዴት ይመረጣሉ?

ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እና የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት ናቸው። ለምሳሌ በምዕራብ ሸዋ ዞን በባኮ ከተማ የሚኖር ዜጋ ድምፅ ወደዚህ ስብሰባ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ቀጥተኛ ነው፤ በምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘው ተወዳዳሪ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ይሆናል። ሁለተኛው ግን ዞሮ የሚሄድ ነው፤ ነዋሪው ለጨፌ ኦሮሚያ ተወካይ ይመርጣል፣ ጨፌው ደግሞ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን ይመርጣል። በአንቀጽ 61 መሠረት የክልል ምክር ቤቶች እነዚህን አባላት ራሳቸው ሊመርጡ ወይም በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ ሊያደርጉ ይችላሉ። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ሲኖረው፣ ለተጨማሪ እያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተወካይ ይጨመርለታል።

የድምፅ አሰጣጥ

እጩ የማቅረብ ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው። እጩው የሚመረጠው የጋራ ስብሰባው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበለው ነው። የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት ሲሆን፣ አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ሊመረጥ አይችልም። ከምክር ቤቶቹ አባል የሆነ ሰው ከተመረጠ የተወከለበትን ወንበር ይለቃል። በ1992 ዓ.ም. በግል ተወዳድረው የምክር ቤት አባል የነበሩት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በመስከረም 1994 ዓ.ም. ለዚህ ሥልጣን ተመርጠዋል።

መራጮቹ በምን ይገዛሉ?

በአሜሪካ ክልሎች 538ቱ የፕሬዚዳንት መራጮች ለክልላቸው አሸናፊ ድምፅ እንዲሰጡ በሕግ ማስገደድ ይችላሉ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) ይህን ሥልጣን አጽንቷል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከዚህ ይለያል። በአንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ሲሆን፣ ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው። በሰጠው ድምፅ ምክንያት አይከሰስም፤ ሆኖም መራጩ ሕዝብ አመኔታ ባጣበት ጊዜ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ ሊወገድ ይችላል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባል ደግሞ በአካል ካልተገኘ ድምፅ መስጠት አይችልም። በተግባር የአንድ ፓርቲ ወይም ግንባር አባላት አብላጫውን ወንበር በያዙባቸው ዘመናት የእጩው ማንነት አስቀድሞ በፓርቲው ውስጥ የሚወሰንበት ዕድል ሰፊ ነው።

የተመረጡ ፕሬዚዳንቶች

* ነጋሶ ጊዳዳ፦ ነሐሴ 1987 ዓ.ም.
* ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ፦ መስከረም 1994 ዓ.ም.፤ ለሁለት የሥራ ዘመን አገልግለዋል
* ሙላቱ ተሾመ፦ መስከረም 2006 ዓ.ም.፤ የሥራ ዘመናቸው ሳያልቅ ለቀዋል
* ሣህለወርቅ ዘውዴ፦ ጥቅምት 2011 ዓ.ም.፤ በዚህ ሥልጣን የመጀመሪያዋ ሴት
* ታዬ አጽቀሥላሴ፦ መስከረም 2017 ዓ.ም.